ጣናን ለማዳን ጉማራን ማን ይጠብቅ?

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጣና ዙሪያ የእምቦጭን አረም ለመንቀል ለአንድ ወር የሚዘልቅ ዘመቻ ታውጆ ነበር። የዳርቻው ገበሬ፣ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ጭቃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ አወጣ። የዚያን ጊዜው ትብብር የሚናቅ አልነበረም። አረሙ ግን ተመልሶ መጣ። በሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪኩ ይኸው ነው፤ ይነቀላል፣ ይመለሳል።

ለምን ይመለሳል? አንዱ ምክንያት ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት መቆየቱ ነው። ሌላውና ብዙም የማይወራለት ቀለቡ ነው። ጣና አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ጠፍጣፋ ሐይቅ ነው። ወደ እሱ ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት አራት ወንዞች ናቸው፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። ወንዞቹ በክረምት ከእርሻ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ ተሸክመው ይወርዳሉ። እምቦጭም የሚወፍረው በዚሁ ነው። እንግዲህ በአንድ እጃችን አረሙን እየነቀልን በሌላው ቀለቡን እያቀረብንለት ነው ማለት ነው።

ጉማራን ለአብነት እንውሰድ። ከጉና ተራራ ተነሥቶ በፋርጣ፣ በደራና በፎገራ በኩል ጣና ይገባል። የባሕር ዳርና የጎንደር አንባቢ ወንዙን የሚያውቀው ወይ በድልድዩ ላይ በመኪና ሲያልፍ ነው፣ ወይ ደግሞ በወንዛዬ ፍል ውሃ ነው። ወንዛዬ (ዋንዛዬ የሚሉትም አሉ) ከሐሙሲት ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ በጉማራ ዳር ይገኛል። ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የታመመ፣ ወገቡ አልታዘዝ ያለው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ይሄድበታል። ጤነኛውም ቢሆን ገላውን ሊያፍታታ ብቻ ይሄዳል።

ሰው ከወንዝ ጋር የሚዛመደው እንዲህ ነው፤ በመታጠብ፣ በመጠጣት፣ ዳር ዳሩ ባለው ጥላ ሥር በመቀመጥ። በአካባቢ ጥበቃ ስብሰባዎች ላይ ግን ይህ እንደ ቁም ነገር ሲነሣ ብዙም አይሰማም። «ማኅበረሰቡን ማሳተፍ» ሲባል ብዙ ጊዜ ትርጉሙ አካፋና ዶማ ይዘህ ውጣ ማለት ነው። ሰውየው ምን ያገኛል? የመወሰን ሥልጣኑስ ምንድን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣ አጀንዳ ብርቅ ነው።

ራቅ ሳንል ዘጌን እንመልከት። በጣና ዳር ያለው የዘጌ ደን ለዘመናት የቆየው ዘበኛ ስለቆመለት አይደለም። ከአቡነ በትረ ማርያም ወረደ በሚባለው ኪዳን መሠረት በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ ኖሯል። ኪዳኑ ግን በሃይማኖት ብቻ የቆመ አይመስለኝም። ገበሬው ሳያርስ የሚኖርበት ቡና ከዛፎቹ ጥላ ሥር ነበረው። ክልከላው ከጥቅም ጋር አብሮ ስለመጣ ጸና።

በወንዝ ውሃም ላይ ቢሆን ሥርዓት አልነበረንም ማለት ስህተት ነው። በባህላዊ መስኖ ገበሬዎች «የውሃ አባት» ይመርጣሉ። ተራ ይደለድላል፣ ተራ የሰረቀውን ይቀጣል፣ ቦዩ ሲደፈን ሰዉን ጠርቶ ያስጠርጋል። የውሃ አባት የሚከበረው ሁሉም የሚጠጣው ከአንድ ቦይ ስለሆነ ነው። የውሃ ፓምፕ ሲመጣ ይህ ተናጋ። ፓምፕ ያለው ገበሬ ቦይ አያሻውም፤ ተራም አይጠብቅም። ቱቦውን ወንዙ ውስጥ ነክሮ ሽንኩርቱን ያጠጣል። እያንዳንዱ ገበሬ ልክ ነው፤ ልጆቹን ማብላት አለበት። ሁሉም በበጋ አንድ ላይ ሲስቡ ግን ጉማራ ፎገራ ሜዳ ሲደርስ ይከሳል።

በክረምት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከላይ የታጠበው አፈር በሜዳው ላይ ሲደርስ የወንዙን ወለል ከፍ ያደርጋል፤ ወንዙም ከመደቡ ወጥቶ ማሳ ላይ ይፈስሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በደንቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያፈናቀለው ጎርፍ አይረሳም።

ዓሣውም አለ። ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ ከሚሏቸው የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር አይገኙም። በርካቶቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ያሉትን ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። መረብ የሚጠብቃቸው በዚሁ ጊዜ፣ በወንዙ አፍ ላይ ነው። ሽቅብ ካለፉ በኋላም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ላይ በመበተን የሚያፈዛቸው አለ። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ አዋጁ ግን ሌሊት ወንዝ ዳር አያድርም። ማደር የሚችለው የዚያው አገር ሰው ነው።

ችግሩ የአገሩ ሰው በሕግ ፊት ያለው ቦታ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃው የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 841 ደግሞ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን ይመለከታል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ታጣቢው፣ ዓሣ አስጋሪውና ደንገል ቆርጦ ታንኳ የሚሠራው ወይጦ መስኖ ተጠቃሚዎች አይደሉም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው የውሃ ሕግ የአንድ ወንዝ ተጠቃሚዎች በአንድ ማኅበር ሆነው ውሃ እንዲጋሩና ግጭት እንዲፈቱ መንገድ ከፍታለች። ማኅበራቱ ገንዘብ ያጥራቸዋል፤ ቢሆንም የላይኛውና የታችኛው ሰው የሚገናኙበት ወንበር አለ።

አዲስ አበባ የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ማስዋብ ፕሮጀክት ለ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ 29 ቢሊዮን ብር ታስቦለት ነበር። ለገቢ ማሰባሰቢያው የተዘጋጀው የአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር ያስከፍል እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ዛሬ በፓርኮቹ የሚዝናና ብዙ ነው፤ ከወንዞቹ ዳርቻ እንዲነሣ የተደረገውም ጥቂት አይደለም። ጉማራ እንዲህ ያለ እራት የሚያዘጋጅለት የለም፤ ነዋሪውን አስነሥቶ መጠበቅም አይቻልም።

ስለዚህ ከደራ፣ ከፋርጣና ከፎገራ የተውጣጣ፣ በወረዳ ሳይሆን በወንዙ የሚጠራ ማኅበር ያስፈልጋል። ፓምፕ ያለውም ታንኳ ያለውም በአባልነት ይግቡበት። ከወንዛዬ ታጣቢዎች ከሚገኘው ገቢ ድርሻ ይኑረው፤ ገላችንን ለማፍታታት የምንሄድ ከተሜዎች ጥቂት ብር ብንጨምር የሚከፋን አይመስለኝም። የወንዙ ዳር አይታረስ ሲባል ገበሬው መሬቱን ያጣል፤ ያንን ያለ ካሣ መጠየቅ ግፍ ነው። በምትኩ ሣር ተተክሎ እያጨደ ከብቱን ቢያበላበት ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

«በዚህ ጊዜ ማን ይሰበሰባል?» የሚል አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት የባለሙያውን እንቅስቃሴ ሲገድብ አይተናል። በቢሮ ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ ዘመቻ ቢሮው ሲዘጋ አብሮ ይቆማል። የውሃ አባት ግን ቢሮ የለውም። በጋ ገብቶ ፓምፖቹ መጮህ ሳይጀምሩ ሦስቱን ወረዳዎች የሚያስማማ የተራ ድልድል ለማውጣት መጀመሪያ መጠራት ያለበት እሱ ነው።