ግስ የሌለው ካርታ

ባለፈው ወር አንድ መሥሪያ ቤት «ልምድዎን ያካፍሉን» ብሎ ለአንድ ቀን ሥልጠና ጠራኝ። ስሙን መጥቀስ አልፈልግም፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ምሳውም ጥሩ ነበር። አሠልጣኙ ሠላሳ ያልሞላው ቀልጣፋ ልጅ ነው። ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘና ነጩ ግድግዳ ላይ አንድ ክብ አወጣ። ክቡ ውስጥ «የዓመቱ ዕቅድ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ አንድ ቁልፍ በነካ ቁጥር ከክቡ ቅርንጫፍ ይመዘዛል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። «ደንበኛ»፣ «ጥራት»፣ «በጀት»፣ «የሰው ኃይል»። ከቅርንጫፉ ደግሞ ቀንበጥ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግድግዳው የመስከረም መስክ መሰለ። ሰው ሁሉ ሞባይሉን አውጥቶ ፎቶ አነሳ።

እኔ የድሮ መምህር ነኝና አፌ አላርፍ አለኝ። እጄን አወጣሁና፣ «ልጄ፣ በጣም ያምራል። ግን ይሄ ‹ጥራት› ምን ይሁን ነው የምትለው? ማን ምን ያድርገው? መቼ?» አልኩት።

«እሱ በሁለተኛው ዙር ሥልጠና ነው የሚታየው ጋሼ» አለኝ በትሕትና።

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። ያ ልጅ ያሳየን በሽታ የራሴም በሽታ ነዋ! ቆይቼ እናዘዛለሁ።

መቼም «ሰውዬው ሸመገለና ኮምፒዩተር ጠላ» የሚል አይጠፋም። አልጠላሁም። የነገሩንም ታሪክ በቅጡ አውቃለሁ። «ማይንድ ማፕ» የሚባለውን የሐሳብ ካርታ በዓለም ያስተዋወቀው ቶኒ ቡዛን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ባቀረበው ተከታታይ ዝግጅት ስሙ ገነነ፤ በ2019 አረፈ። ሐሳብን በዛፍ መሣል ግን ከእሱ በፊትም ነበር፤ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው በፈላስፋው ፖርፊሪ ስም የሚጠራ የሎጂክ ዛፍ አለ። የቡዛን ደንብ ቀላል ነው፦ መሐል ላይ ሥዕል፣ ከዚያ የተጠማዘዙ ቅርንጫፎች፣ ቀለም በቀለም፣ በአንድ መስመር ላይ አንድ ቃል ብቻ። በኋላ ደንቡ ሶፍትዌር ሆነ፦ ማይንድማናጀር፣ ፍሪማይንድ፣ ኤክስማይንድ፣ የራሱ የቡዛንም አይማይንድማፕ። ለማሰብና ለማስታወስ የተበጀው መሣሪያ ከዚያ ወዲህ «ሥራ ማስተዳደሪያ» እና «የምርታማነት ቁልፍ» እየተባለ ይቸበቸባል። ጠቤ እዚህች ላይ ነው።

ለማሰብስ ይረዳል፤ አልክድም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ሶፍትዌሩ ሳልሰማ እኔም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ እሥል ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ተማሪ በሰውና በቦታ ብዛት ግራ ሲጋባ፣ መሐል ላይ ሰብለ ወንጌልን አስቀምጬ ወደ በዛብህ፣ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ወደ ጉዱ ካሳ መስመር እስብለታለሁ። የልጁ ፊት ሲበራ አያለሁ። ፈተና ላይ ግን መልስ ብሎ ክቡን ብቻ ሥሎ የሰጠኝ ተማሪ ነበር። ጠርቼ፣ «ጉዱ ካሳን ከፊታውራሪ ጋር በመስመር አያይዘሃል። መስመሩ ምን ይላል? ይወደዋል? ይቃወመዋል? ይፈራዋል?» ብለው ዝም አለ። መስመሩ ምንም አይልማ! ዝምድና እንዳለ ይጠቁማል፤ ምን ዓይነት ዝምድና እንደሆነ ግን የሚናገረው ግስ ነው።

እንግዲህ የነገሬ ፍሬ ይኸው ነው። የሐሳብ ካርታ የስሞች መንደር ነው። ሥራ ደግሞ ግስ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ለማወቅ ከማንም የቀረብን ነን፤ ቋንቋችን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣልና እሱ እስኪመጣ ድረስ ገና ምንም አልተባለም። «አበበ በሶ» ብለን ብናቆም፣ በላ ይሁን ደፋ፣ ሸጠ ይሁን ለመነ ማን ያውቃል? በግሱ ውስጥ አድራጊው አለ፣ ጊዜው አለ። «እጽፋለሁ» ስል በአንድ ቃል ራሴን አሥሬያለሁ። «ጽሑፍ» ብዬ ቅርንጫፍ ላይ ስሰቅል ግን ማንንም አላሠርኩም።

ቅርንጫፍ መዘርጋቱን አልነቅፍም። የእኛም ሊቃውንት በአንድምታ ትርጓሜ አንዲቱን ቃል «አንድም»፣ «አንድም» እያሉ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይዘረጓታል። ነገር ግን እያንዳንዱ «አንድም» ሐተታውን ይዞ፣ ዓረፍተ ነገሩን ዘግቶ ነው የሚያልፈው። አንድ ቃል አንጠልጥሎ ወደ ቀጣዩ የሚሻገር መምህር አላየሁም።

አሁን ኑዛዜዬን ልናገር። አብሮኝ ያስተማረ ወዳጅ ነበረኝ። ከአራት ዓመት በፊት ሲያርፍ ባለቤቱ አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ያላሳተማቸው ግጥሞቹና ጥቂት አጫጭር ልቦለዶቹ ናቸው። ገሚሱ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ እየደበዘዘ ነው። «አሳትመዋለሁ» ብዬ በእናቱ ፊት ቃል ገባሁ። እናቱ ማንበብ አይችሉም፤ «በእጄ ብቻ ልያዘው» አሉኝ።

ሥራው ሰፊ ነው ብዬ ሶፍትዌሩን ጫንኩ። የመጀመሪያው ማታ ስድስት ቅርንጫፍ ሆነ፦ «ትየባ»፣ «እርማት»፣ «መቅድም»፣ «ሽፋን»፣ «ማተሚያ ቤት»፣ «ገንዘብ»። በሁለት ወር ውስጥ 64 ደረሰ። ለግጥም ሰማያዊ፣ ለልቦለድ ቡኒ። አስቸኳዩ ላይ ቀይ ባንዲራ። ማታ ማታ ሁለት ሰዓት እሠራበታለሁ፤ «እሠራበታለሁ» ስል ቅርንጫፍ ከዚህ ወደዚያ አዛውራለሁ ማለቴ ነው። ስነሣ ደክሞኛል፤ ደክሞኛልና የሠራሁ ይመስለኛል። ሶፍትዌሩ ደግሞ አንድ ክፉ ጸጋ አለው፦ ቅርንጫፉን አንዴ ነካ ሲያደርጉት ከነልጆቹ ይታጠፋል። «ትየባ» ከብዶ ሲታየኝ አጥፈዋለሁ። ገጹ ይጸዳል፣ ልቤም ይረጋል። ያልተሠራ ሥራ ከዓይን ሲሰወር እንደተሠራ ይቆጠራል።

አንድ ቀን የወዳጄ ባለቤት ለጥየቃ መጣች። በኩራት ኮምፒዩተሩን ከፍቼ አሳየኋት። ብዙ ዝም ብላ አየችና፣ «በጣም ያምራል ጋሼ። ስንት ገጽ ተተየበ?» አለችኝ።

አንድም ገጽ አልተተየበም ነበር።

እናቱ ባለፈው ዓመት አረፉ። መጽሐፉን በእጃቸው ሳይዙ።

ለቅሶው ላይ ያየሁት ነው ይህን የሚያስጽፈኝ። ሌሊት አረፉ፤ ሲነጋጋ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ረፋድ ላይ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ንፍሮው ተጥዷል። የእድሩ ጸሐፊ ጎን ተቀመጥኩና ደብተራቸውን በጨረፍታ አየሁት። ጠርዙ የተበላ ተራ ደብተር ነው። እከሌ ድንኳን ያስመጣል፤ እነ እከሌ መቃብር ያስቆፍራሉ፤ እከሊት ድስት ታስረክባለች። የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ መስመር ስም፣ ሰዓትና ግስ አለው። ቀለም የለውም። የሚታጠፍም የለውም። የእኔ 64 ቅርንጫፍ አንድ መጽሐፍ ለማውጣት ሦስት ዓመት አልበቃውም፤ የእሳቸው አንድ ገጽ በአንድ ጠዋት አንዲትን እናት በክብር ሸኘ።

«እድር የለመደውን ሥራ ነው የሚሠራው፤ አዲስ ሥራ ግን መታሰብ አለበት» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ስለዚህ አስቡ! አንድ ማታ ክባችሁን ሣሉ፤ ልባችሁ እስኪጠግብ ቅርንጫፍ አውጡ። በማግሥቱ ግን ካርታውን ዝጉና ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ሶፍትዌሩ እኮ ለቀኑና ለኃላፊው ስም ቦታ አለው» የሚሉም አሉ። አለው። የእኔም ነበረው፤ በ64ቱም ላይ ባዶ ነበር። ባዶ ሣጥን አያሳፍርም። ግስ ያልደረሰው ዓረፍተ ነገር ግን ያሳፍራል፤ ጎደሎነቱ ለጆሮ ይሰማላ!

ነገሩ የእኔ ጓዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን ቢፒአርም መጣ፣ ቢኤስሲም መጣ፣ ካይዘንም መጣ፤ እያንዳንዱ የየራሱ ጥበብ ነበረው፤ በብዙ ቢሮ ግን ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ሆኖ ቀረ። አሁን ደግሞ ተራው የባለቀለሙ ዛፍ ነው። ከግድግዳው ጀርባ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ውጭ ፋይሏ የጠፋባት ሴትዮ ቆማለች። እሷን «ደንበኛ» በሚል ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ በሐምራዊ መቀባት አገልግሎት አይደለም። «ፋይልሽን እከሌ እስከ ሐሙስ አምስት ሰዓት ፈልጎ ይሰጥሻል» ማለት አገልግሎት ነው። አለቆቻችን ከዚህች ዓረፍተ ነገር የሚሸሹት ሐሙስ ስለሚመጣ ነው። ካርታ ሐሙስ የለውም።

ያን ወጣት አሠልጣኝ አልቀየምኩትም። ያስተማረው የተማረውን ነው። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ከጠሩኝ ሄጄ ያንኑ ጥያቄ ደግሜ እጠይቀዋለሁ።

እኔ ከለቅሶው በኋላ የአሥር ብር ደብተር ይሁን የሃምሳ ዋጋውን ረሳሁት እንጂ አንድ ተራ ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው መስመር «ዘወትር ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት አሥር ገጽ እተይባለሁ» ይላል። በእርሳስ የተጻፉትን አስቀደምኩ። አንዳንዱ ቃል ጨርሶ ጠፍቷል፤ ባለቤቱም ልታነበው አልቻለችም። ሦስት ዓመት ቀደም ብዬ ብጀምር ኖሮ ይነበብ ነበር። ለዚያ ሶፍትዌር ሠሪዎቹን አልከስም፤ ያጠፍኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። እተይባለሁ።