“ፎርማት ይደረግ?” ለሚለው ጥያቄ ኪሳራው የማን ነው?

ሰሞኑን ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ደሴ ብቅ ብዬ ነበር። የገበያ ጋዜጠኛ አገር ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእህልና የሽንኩርት ዋጋ ነው። ከከተማዋ ቁልቁል ገራዶ የሚኖሩት አክስቴ ግን የገበያ ወሬ ሳይነሳ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ጥቁር ዕቃ ከሣጥናቸው አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። “አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ይኸን ተመልከትልኝ። ባዶ ነው አሉኝ” አሉ። ዕቃው ውጭ አገር የሚኖረው ልጃቸው የላከላቸው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነበር።

ታሪኩ ወዲህ ነው። ልጁ ከዓመታት በፊት ለዕረፍት በመጣ ጊዜ የቤተሰቡን አልበም ፎቶ በፎቶ በስካነር እያነሳ ማክ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገብቶ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ አክስቴ እንደ ብዙው ሰው በራቸውን ዘግተው ሸሹ። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ተለቀው ሲመለሱ ከቤታቸው ከጠፋው ዕቃ አንዱ አልበሙ ነበር። የልጁም ኮምፒዩተር በኋላ ተበላሽቶ ተጣለ። ስለዚህ የሠርጋቸው፣ የሟች ባለቤታቸውና የልጆቻቸው የልጅነት ፎቶ በዚያ ጥቁር ዕቃ ውስጥ ካልሆነ በቀር የትም የለም።

አክስቴ ዲስኩን ይዘው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ሄዱ። ወጣቱ ባለሙያ ዲስኩን ሲሰካው ኮምፒዩተሩ “ይህን ዲስክ ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ ይኖርብዎታል” የሚል መልእክት አወጣ። “አብሽሩ እናቴ፣ ፎርማት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ 500 ብር ነው” አላቸው። አክስቴ ፎርማት ምን እንደሆነ ስለማያውቁ “እንግዲህ አንተ ታውቃለህ ልጄ” አሉ። ቁልፉ ተጫነ፤ ዲስኩም ተከፈተ፤ ውስጡ ግን ምንም አልነበረም። ባለሙያው ባዶ ዲስክ አስይዞ መሸኘት ከብዶት መንዙማና ድራማ በነፃ ጫነላቸው።

እዚህ ላይ ስርቆት የለም፣ ማጭበርበር የለም፣ ክፋትም የለም። ሆኖም አንዲት እናት 500 ብር ከፍለው በዋጋ የማይተመን ንብረታቸውን ሊያጡ ተቃርበዋል። እኔ ከዚህ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በዚህ ገበያ ላይ ገዢና ሻጭ የሚነጋገሩት ስለተለያየ ዕቃ መሆኑ ነው። ደንበኛው የሚመጣው ፎቶውን ሊያገኝ ሲሆን የሚሸጥለት ግን የሚሠራ ዲስክ ነው።

ዲስኩ አልተበላሸም

ነገሩን በሐዲድ ማስረዳት ይቀላል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው የድሮው ምድር ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በኮምቦልቻ የሚያልፈው የአዋሽ-ኮምቦልቻ-ሐራ ገበያ ሐዲድ ግን 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። የድሮውን ፉርጎ አምጥተው ኮምቦልቻ ላይ ቢያቆሙት አይሄድም። ይህ የሚሆነው ፉርጎው ተሰብሮ ወይም ጭነቱ ተበላሽቶ ሳይሆን ሐዲዱ ስለማይገጥመው ነው። ይህን ችግር ለመፍታት ጭነቱን ገደል እንክተት የሚል የባቡር ሠራተኛ አይገኝም። ዕቃ የያዘ ዲስክ ፎርማት ማድረግ ግን ከዚህ የተለየ አይደለም።

የአፕል ኩባንያ ማክ ኮምፒዩተሮች ዲስክ የሚያዘጋጁት እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ኤች ኤፍ ኤስ ፕላስ ወይም በ2017 በመጣው ኤ ፒ ኤፍ ኤስ በሚባል ሥርዓት ነው። በአገራችን ቢሮዎችና ሱቆች የተለመደው ዊንዶውስ ደግሞ ኤን ቲ ኤፍ ኤስ የተባለ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት ሁለቱን የማክ ሥርዓቶች አያነብም። ችግሩ ያላወቀውን ዲስክ “አላውቀውም” በማለት ፈንታ “ፎርማት ይደረግ?” ብሎ መጠየቁ ነው።

ልጁም ዲስኩን በማክ ሥርዓት ያዘጋጀው በግድየለሽነት አልነበረም። የአፕል የፎቶ ፕሮግራም የፎቶ ስብስቡን በውጭ ዲስክ ላይ ለማኖር ዲስኩ በማክ ሥርዓት እንዲዘጋጅ ይጠይቃል። ስብስቡ ማክ ላይ አንድ ፋይል መስሎ ይታያል እንጂ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት ተራ ፎልደር ነው። በቆዩት የፕሮግራሙ እትሞች “ማስተርስ”፣ በአዲሶቹ “ኦሪጅናልስ” በሚባል ክፍል ውስጥ ዋናዎቹ ፎቶዎች እንዳሉ ተቀምጠው ይገኛሉ።

እንዲህ ያለውን ዲስክ ለማንበብ የሚጠይቀው ወጪ እጅግ ትንሽ ነው። ማክ ያለው ሰው ፈልጎ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ማክ ካልተገኘም ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ ሥርዓት ከፍላሽ አስነስቶ የኤች ኤፍ ኤስ ፕላስ ዲስክ ማየት ይቻላል። በዊንዶውስ ላይም ኤች ኤፍ ኤስ ኤክስፕሎረር የተባለ ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ አንዳች ሳይጽፍ ያነባል። በአክስቴ ዲስክ ላይ ከእነዚህ አንዱ ቢሞከር ኖሮ ሥራው ከአንድ ቀን አያልፍም ነበር።

መዝገቡ ሲቀደድ እህሉ አይጠፋም

ዲስክ እንደ መጋዘን ነው፤ ምን የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ መዝገብ አለው። ፈጣን የሚባለው ፎርማት በአብዛኛው የሚያጠፋው ይህን መዝገብ ነው፤ እህሉ ባለበት ይቀራል። የከፋው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒዩተሩ መጋዘኑን ባዶ አድርጎ ስለሚቆጥረው አዲስ የሚጫነው ሁሉ በአሮጌው ላይ ይራገፋል። የአክስቴን ፎቶዎች ከፎርማቱ ይልቅ የጎዳቸው በቅን ልቡና የተጫነው ድራማ ነው።

ሙሉ ፎርማት ግን ሌላ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት በዲስኩ ላይ ሁሉ ዜሮ ስለሚጽፍ ከእርሱ በኋላ ተስፋ የለም። ኤስ ኤስ ዲ በሚባሉት አዳዲስ ዲስኮች ላይ ደግሞ ፈጣኑም ፎርማት ቢሆን ሁሉንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

አክስቴን የጠቀማቸው ዲስኩ የቆየ ዓይነት፣ ፎርማቱም ፈጣኑ መሆኑ ነው። አንድ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ወሰድነው። እርሱ በመጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ በሌላ ዲስክ ላይ ወሰደ። ከዚያም ፎቶሬክ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ግልባጩን ሌሊቱን ሙሉ አስፈተሸው። ይህ ፕሮግራም መዝገብ አይጠይቅም፤ እያንዳንዱ የጄፔግ ፎቶ የሚጀምርበት የታወቀ ምልክት ስላለው ያንን እየፈለገ ፎቶውን ያወጣል። ያገኘውንም በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል።

ጠዋት ብዙ ፎቶ ተገኘ። የሟች ባለቤታቸው ምስል በደህና ወጣ። የሠርጋቸው ፎቶ ግን ከግማሽ በታች ግራጫ ሆኗል፤ በዚያ ቦታ ላይ ድራማው ተጽፎበታል። የተገኙትም ቢሆኑ ስምና ዓመተ ምሕረት የላቸውም፤ ልጁ “ሠርግ”፣ “ዒድ”፣ “ክርስትና” እያለ የለያቸው ሁሉ ተደባልቀው በቁጥር ብቻ ተደርድረዋል። ለዚህ ሥራ የተከፈለው 3,000 ብር ነው። ነገሩን ጠቅለል ስናደርገው፣ ለማጥፋቱ 500፣ የተረፈውን ለመሰብሰብ 3,000 ብር ተከፍሏል፤ በመጀመሪያ ቢነበብ ግን ለባለሙያው ድካም ከመክፈል ያለፈ ወጪ አልነበረውም።

የዋጋው ስህተት

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ ነገር አሳይቷል። ሻጩ ስለ መኪናው የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ጥሩውና ብልሹው መኪና በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ውሎ አድሮም ጥሩው ከገበያ ይወጣል። አከርሎፍ በዚህ ሥራው በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

የጥገና ገበያችንም ሁኔታ ከዚህ ይመሳሰላል። አክስቴ “ፎርማት” የተባለው ቃል መጠገን ይሁን ማጥፋት የሚያውቁበት መንገድ የለም። ሁለት ሰዓት ፈጅቶ የሚያነበውን ባለሙያና በሁለት ደቂቃ ቁልፍ የሚጫነውን የሚለዩት በዋጋና በፍጥነት ብቻ ነው፤ በሁለቱም መለኪያ ቁልፍ የሚጫነው ይበልጣል። በመሆኑም ጠንቃቃው ባለሙያ ደንበኛ ያጣል፤ ወይም እርሱም ቁልፍ መጫን ይጀምራል።

“ታዲያ ሰዎች ለምን ሁለተኛ ግልባጭ አይዙም?” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዲስክ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ባጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በደመወዝ ወይም በጓሮ አትክልት ለሚተዳደር ቤተሰብ ሁለተኛ ዲስክ መግዛት ቀላል አይደለም። ግልባጩ አንድ ብቻ በሆነ ቁጥር ደግሞ የጥገና ቤቱ ስህተት ዋጋ ከፍ ይላል።

የባለሙያዎቹ ክርክር

ፍትሐዊ ለመሆን የባለሙያዎቹንም ወገን ማየት ያስፈልጋል። ወደ ጥገና ቤቶቹ ማክ እምብዛም አይመጣም፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ሙያውን የተማሩት ከጓደኛ አይተው ነው። ደንበኛውም ቢሆን “ቶሎ በል” ይላል እንጂ “ውስጡ ምን አለ?” ብሎ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ፣ በ500 ብር ሥራ ዋጋ ለሌለው ንብረት ኃላፊ ሁኑ ቢባሉ ማንም እሺ አይልም፤ እሺ ቢልም ዋጋውን እጥፍ ድርብ ያደርጋል።

ይህ ክርክር ግማሹ እውነት ነው። ለጠፋ ፎቶ ካሣ የሚከፍል ጥገና ቤት ይኑር ማለት ገበያውን መዝጋት ነው። ነገር ግን የሚጠየቁት ካሣ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው፤ “በውስጡ የሚፈልጉት ነገር አለ?” የሚል። ይህን መጠየቅ ምንም ወጪ የለበትም። አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ቢሆን ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። “ፎርማት ከተደረገ ያለው ይጠፋል” ብሎ መናገር የዚህ መረጃ መጀመሪያ ነው።

ምን ይደረግ?

የጥገና ቤቶች አንዱን ዋጋ ለሁለት ቢከፍሉት ይበጃል። የመጀመሪያው ዲስኩን ያለምንም ጽሕፈት የማየት ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው ደንበኛው ምን እንደተገኘ ከሰማ በኋላ የሚስማማበት የሥራ ዋጋ ነው። በሁለቱ መካከል ደንበኛው “ይጥፋ” ወይም “ይቆይ” ብሎ የሚፈርምባት ቁራጭ ደረሰኝ ትኑር። ይህን የሚጀምር ጥገና ቤት በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ስም ያተርፋል፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ስም ከማስታወቂያ ይበልጣል።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖችም ድርሻ አላቸው። ለቤተሰብ የሚላክ ዲስክ በኤክስፋት ሥርዓት ቢዘጋጅ ማክም ዊንዶውስም ያነቡታል። የፎቶ ስብስቡን እንዳለ ከመላክ ይልቅ ፎቶዎቹን አውጥቶ በተራ ፎልደር ማስቀመጥ ይሻላል። በዲስኩም ጀርባ ላይ “የማክ ዲስክ ነው፣ ፎርማት አይደረግ” ብሎ መጻፍ ከአንድ እስክሪብቶ በላይ አይጠይቅም።

ደንበኛው ደግሞ ሦስት ነገር ይያዝ። “ባዶ ነው” ወይም “ፎርማት ይፈልጋል” ሲባል ዲስኩን ነቅሎ ወደ ቤቱ ይመለስ። አስቀድሞ በስህተት ፎርማት ተደርጎ ከሆነ አንዳች ነገር እንዳይጫንበት ይከልክል። የሚወጣውም ፎቶ በዚያው ዲስክ ላይ ሳይሆን በሌላ ላይ እንዲቀመጥ ይጠይቅ።

“ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” ይላል የአገራችን ሰው። ከገራዶ ስመለስ አክስቴ ከጎረቤት ልጅ ጋር ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው በቁጥር የተደረደሩትን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያዩ “ይኸ የእገሌ ሠርግ ነው፣ ይቺ የእገሌ ልጅ ናት” እያሉ ስም እያስጻፉ ነበር። ሥራው ወራት ይፈጃል። ስም የሚያውቁት ደግሞ እርሳቸው ብቻ ናቸው።