እርጅናን ነው የምናክመው ወይስ በሽታዎቹን?

ሙግቱን የገጠሙት የሥነ ሕይወት መምህርና የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መምህሩ፦ መነሻቸው አንድ ነው

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ሆስፒታል ሲሄዱ ካርዳቸው ላይ የሚሰፍረው አንድ በሽታ አይደለም። ደም ግፊት አለ፣ ስኳር አለ፣ የጉልበት ሕመም አለ፣ የዓይን ሞራ አለ። እያንዳንዱ የራሱ ሐኪም፣ የራሱ ክኒን፣ የራሱ ቀጠሮ አለው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ፣ በዚሁ ዕድሜ ለምን ተደራረቡ ብሎ የሚጠይቅ ክፍል ግን የለም። እኔ የምሟገተው ለዚህ ጥያቄ ነው።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ቤንጃሚን ጎምፐርዝ በ1825 የሞት መዝገቦችን መርምሮ አንድ ሕግ አገኘ። ዛሬ በምናውቀው ስሌት፣ ሰው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ የመሞት ዕድሉ በየ8 ዓመቱ ገደማ በእጥፍ ይጨምራል። ካንሰርም፣ የልብ በሽታም፣ ስትሮክም፣ የመርሳት በሽታም ከዕድሜ ጋር እንዲሁ ያሻቅባሉ። ነገ ካንሰር ከምድር ቢጠፋ እንኳ በበለጸጉት አገሮች አማካይ ዕድሜ ላይ የሚጨመረው 3 ዓመት ገደማ ብቻ እንደሆነ የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች አስልተዋል። ከካንሰር የተረፈውን ሰው በዚያው ዕድሜ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ይጠብቀዋልና።

ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በ1961 የሰው ሕዋስ በቤተ ሙከራ 50 ጊዜ ያህል ከተከፋፈለ በኋላ መከፋፈል እንደሚያቆም አሳዩ። ዋናው ምክንያት ቆይቶ ታወቀ፤ በክሮሞዞም ጫፍ ላይ ያለው ቴሎሜር በየክፍፍሉ እያጠረ ይሄዳል። መከፋፈል ያቆመው ሕዋስ ታዲያ አይሞትም፤ ዝም ብሎም አይቀመጥም። በዙሪያው ያሉትን ጤነኛ ሕዋሳት የሚያስቆጣ ኬሚካል ይረጫል። ወጣት ሰውነት እንዲህ ያለውን ሕዋስ ቶሎ ያጸዳል፤ በሸመገለ ሰውነት ውስጥ ግን ይጠራቀማል። ጉልበት ውስጥ ሲከማች መገጣጠሚያውን ይጎዳል፣ ደም ሥር ውስጥ ሲከማች ለመጥበቡ አስተዋጽኦ ያደርጋል። በ2011 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ቶሎ እንዲያረጁ ተደርገው ከተዳቀሉ አይጦች እነዚህን ሕዋሳት አስወገዱ፤ የዓይን ሞራውም የጡንቻው መመንመንም ዘገየ። ዓይንና ጡንቻ በምን ይገናኛሉ? በዚህ ይገናኛሉ።

ሩቅ ሳንሄድ፣ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ ቆላዎች ከመሬት በታች የሚኖር ፀጉር የለሽ ፍልፈል አለ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ይህ ፍጥረት በመጠኑ ከአይጥ ብዙም አይበልጥም። የቤተ ሙከራ አይጥ ቢበዛ 3 ወይም 4 ዓመት ስትኖር እሱ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። ካንሰር የሚገኝበት እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሮሼል በፈንስታይንና ባልደረቦቿ በ2018 ከ3,000 በላይ ፍልፈሎችን መዝገብ አገላብጠው ያወጡት ውጤት ደግሞ የሚያስደንቅ ነው፤ የጎምፐርዝ ሕግ በዚህ እንስሳ ላይ አልሠራም። ዕድሜው ሲገፋ የመሞት ዕድሉ አልጨመረም። እርጅና በሁሉም አጥቢ እንስሳት ላይ በአንድ ልክ የተጻፈ ዕጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ፍልፈል ባልኖረ ነበር።

በኒውዮርክ የአልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ የሚሠሩት ኒር ባርዚላይ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 79 የሆኑ 3,000 ሰዎችን በሜትፎርሚን የሚፈትን ጥናት ነድፈዋል። ሜትፎርሚን የስኳር ሕመምተኞች በየፋርማሲው የሚያገኙት ርካሽ ክኒን ነው። ጥናቱ የሚለካው አንድን በሽታ ሳይሆን ከብዙዎቹ የዕድሜ በሽታዎች የመጀመሪያው እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ነው። ለዓመታት ገንዘብ ሲጠብቅ ኖሯል። መድኃኒቱ ርካሽ ስለሆነ ለኩባንያ አያተርፍም፤ እርጅና ደግሞ ሊታከም የሚገባው ተብሎ በመዝገብ ስላልሰፈረ መድኃኒት የሚፈቀድለት መንገድ ግልጽ አይደለም። ስለዚህ እላለሁ፦ እርጅና ይመዝገብ፤ ለራሱ ለእርጅና መድኃኒት ይፈተን።

ሐኪሟ፦ መዝገብ ላይ ሲሰፍር የሚጎዱት አረጋውያን ናቸው

የመምህሩን ሳይንስ አልክድም። ሕዋስ እንደሚያረጅ፣ ያረጀው ሕዋስም ጎረቤቱን እንደሚጎዳ እኔም አምናለሁ። የምቃወመው ከዚያ የደረሱበትን መደምደሚያ ነው።

ይመዝገብ ያሉት ነገር ሊመዘገብ ጫፍ ደርሶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው በ11ኛው የበሽታዎች መለያ መዝገብ ውስጥ “እርጅና” የሚል መለያ ሊያስገባ አሰበ። ከብዙ አገር፣ በተለይ ከላቲን አሜሪካ፣ የአረጋውያን ሐኪሞችና ማኅበራት ተቃወሙ። ድርጅቱም ቃሉን አንሥቶ ከእርጅና ጋር በሚመጣ የውስጣዊ አቅም መቀነስ ተካው። ተቃዋሚዎቹ የፈሩትን እኔም እፈራለሁ። ሐኪም በሞት ምክንያት ቦታ “እርጅና” ብሎ ከጻፈ፣ ሳይታወቅ የቀረው የሳምባ ምች፣ ሳይመረመር የቀረው የልብ ድካም፣ ሳይሰጥ የቀረው መድኃኒት ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ሥር ይቀበራል። ማንም አይጠየቅበትም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ታሪክ ያየው ነገር ነው። አሎይስ አልዛይመር በስሙ የሚጠራውን የመርሳት በሽታ በ1906 ሲገልጽ ታካሚዋ ገና በ50ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበረች። ከዚያ በኋላ ለ70 ዓመት ያህል ሕክምናው በሽታውን ለወጣቶቹ ብቻ ተወው። 75 ዓመት የሞላቸው ሰው የልጆቻቸውን ስም ሲረሱ የእርጅና ነገር ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። በ1976 ሮበርት ካትስማን በአንድ አጭር ጽሑፍ የወጣቶቹም የአረጋውያኑም በሽታ አንድ እንደሆነና ከታላላቆቹ ገዳዮች ተርታ መሰለፍ እንዳለበት ተከራከረ። የምርምር ገንዘቡ መጉረፍ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መምህሩ ልብ ይበሉልኝ፤ በሩ የተከፈተው በሽታው ከእርጅና ሲለይ እንጂ ከእርጅና ጋር ሲቀላቀል አይደለም።

መምህሩ የጠቀሱት ሄይፍሊክ ራሱ እርጅና በሽታ አይደለም እያለ ነው የኖረው። በ2002 ከተመራማሪዎቹ ከኦልሻንስኪና ከካርንስ ጋር የእርጅና መድኃኒት እንሸጣለን የሚሉትን የሚያወግዝ መግለጫ ሲያወጣ 51 ሳይንቲስቶች ስማቸውን አኖሩበት። ምክንያት ነበራቸው። ከቀይ ወይን የሚገኘው ሬዝቬራትሮል ዕድሜ ያረዝማል ተብሎ የመድኃኒት አምራቹ ግላክሶስሚዝክላይን በ2008 ሲርትሪስ የተባለውን ኩባንያ በ720 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2013 ዘጋው። ያረጁ ሕዋሳትን ከጉልበት ያጸዳል የተባለው የዩኒቲ ባዮቴክኖሎጂ መድኃኒት በ2020 በሰው ላይ ተፈትኖ ከባዶው መርፌ አልተሻለም። ሜትፎርሚንም ቢሆን የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ተቋም በሚደግፈው የአይጥ ፈተና የአይጦቹን ዕድሜ በሚታመን ልክ አላረዘመም። በአረጋውያን ላይ በተደረገ አንድ ጥናት ደግሞ ከስፖርት የሚገኘውን ጥቅም ከፊሉን ቀነሰ። ይህን ክኒን ጤነኛ ለሆኑ እናት አዝዤ ጠዋት ጠዋት ከሚሄዱት የእግር ጉዞ የሚያገኙትን ብቀንስባቸው ምን እመልሳለሁ?

ፍልፈሉ ግሩም ፍጥረት ነው። ግን በሚሊዮኖች ዓመታት ከመሬት በታች የተሠራ ሰውነት ነው፤ ሰው በክኒን ወደዚያ አይለወጥም።

መምህሩ ይመልሳሉ

ዶክተሯ የካትስማንን ታሪክ ማንሣታቸው ደስ አሰኝቶኛል፤ ጎን ለጎኑ የደም ግፊት ታሪክ ይቀመጥ። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ብዙ ሐኪሞች የደም ግፊት ከዕድሜ ጋር መጨመሩን ተፈጥሯዊ አድርገው ያዩት ነበር፤ የጠበበውን ደም ሥር ለማለፍ ልብ የግድ ግፊት ያስፈልጋታል ይሉ ነበር። ኤድዋርድ ፍራይስ በ1967 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች 143 ወንዶችን ፈትኖ ግፊትን ዝቅ ማድረግ ስትሮክንና ሞትን እንደሚቀንስ አሳየ። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነገር ሁሉ መተው እንደሌለበት ያስተማረን እሱ ነው። ግፊቱ ራሱ ሕመም የለውም፤ የምናክመው የሚያመጣውን ፈርተን ነው። የእርጅናን ባዮሎጂም በዚያው ዓይን እንየው ነው የምለው።

ስለ ውድቀቶቹም ቢሆን፦ የመጀመሪያ መድኃኒት መውደቁ የምርምር ወግ ነው። ራፓማይሲን የተባለው መድኃኒት በ2009 በሦስት ቤተ ሙከራዎች በአንድ ጊዜ ተሞክሮ፣ በ600 ቀናቸው በተጀመረላቸው አይጦች ላይ ሳይቀር ዕድሜ አርዝሟል። 600 ቀን ለአይጥ ከሰው ወደ 60 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ነው። በአንድ ቤተ ሙከራ ብቻ የታየ ነገር አይደለም።

ሐኪሟ ይዘጋሉ

ራፓማይሲን ኩላሊት ለተቀየረላቸው ሰዎች የሰውነት መከላከያን ለማዳከም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ የአፍ ቁስልና የደም ስብ መጨመር ያስከትላል። ይህን ጤነኛ ሰው ለሃያ ዓመት እንዲውጥ ከመጠየቃችን በፊት በሰው ላይ የተሠራ ማስረጃ ይምጣ። ፍራይስን ግን ስለ ጠቀሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ፍራይስ ያከመው እርጅናን አልነበረም፤ በማኖሜትር የሚለካ፣ ስም ያለው ግፊትን ነው።

በኢትዮጵያ በ2005 እና 2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት የዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ ነበር፤ በአጭር ቀዶ ሕክምና ብርሃን ይመለሳል። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ቤታቸው ቁጭ ያሉት የዕድሜ ነገር ነው ተብለው እንደነበር የማያውቅ ሐኪም የለም። ስለዚህ አንባቢን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አባትዎ ወይም እናትዎ ሐኪም ዘንድ ሄደው “ዕድሜ ነው” ተብለው ከተመለሱ አይቀበሉ። የግፊታቸው ልኬት ስንት እንደሆነ፣ ስኳራቸው፣ ኩላሊታቸውና ዓይናቸው መታየቱን ይጠይቁ፤ ካልታየ ይታይ ይበሉ።