ዋናው ድምፅ ከጠፋ መመለሻ የለም

አንድ የወግዲ ወጣት በሠርግ ላይ የአንድ አረጋዊ ፎካሪን ድምፅ በስልኩ ቀረጸ እንበል። በቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌርም ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ረብሻ የመሰለውንም አጣራ። ውጤቱ ባይጥመው ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ይችላልን?

አብዛኞቹ የቪዲዮ ማቀናበሪያዎች ዋናውን ፋይል አይነኩም፤ የሚመዘግቡት የለውጡን ትእዛዝ ብቻ ነው። ትእዛዙ ሲሰረዝ ድምፁ እንደነበረ ይመለሳል። ዋናው ፋይል ጠፍቶ የተቀናበረው ብቻ ሲቀር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር እንመልከት። ባለ 16 ቢት የድምፅ ፋይል ከ32,767 በላይ የሆነ ቁጥር አይዝም። 20,000 እና 25,000 የሆኑ ሁለት ናሙናዎችን በእጥፍ ብናሳድግ ሁለቱም ጣሪያውን ያልፋሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም 32,767 ተብለው ይመዘገባሉ። መልሰን ለሁለት ብናካፍላቸውም ልዩነታቸው አይመለስም። የጠፋ መረጃ በስሌት አይገኝም።

ረብሻ ማጣሪያም ከዚህ አይሻልም። የበገና ልዩ ንዝረት የሚመጣው እንዝራ ከሚባሉት ቁራጭ ቆዳዎች ነው። ይህን የማያውቅ ማጣሪያ የበገናውን ለዛ እንደ ረብሻ ቆጥሮ ሊያስወግደው ይችላል።

ስለዚህ ቅንብርን አንቃወምም፤ ሥርዓት ይኑረው እንላለን። ዋናው ቅጂ ሳይነካ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ የተቀረጸበት ቦታና ቀንም ይጻፍበት፤ ቅንብሩ በግልባጩ ላይ ይሠራ። ሶፍትዌር በየዓመቱ ይሻሻላል፤ ነገ የተሻለ ማጣሪያ ይመጣል። የዛሬው ፎካሪ ግን ነገ ላይገኝ ይችላል።