አንድ ዓሣ ስንት ጊዜ ይሸጣል?

ሁዳዴ ሲገባ የአዲስ አበባ ዓሣ ነጋዴ ወደ አርባ ምንጭ ስልክ ይመታል። ዋጋው ይወጣል፣ መረቡ ይበዛል፣ ከጫሞ ሐይቅ የተያዘው ነጭ ዓሣ በበረዶ ታሽጎ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ይጀምራል። ፋሲካ ሲያልፍ ገበያው ይቀዘቅዛል። ይህን ዑደት የማያውቅ የገበያ ሰው የለም። ብዙም የማይነገርለት ግን ያንኑ ነጭ ዓሣ በሌላ ሚዛን የሚገዛ ደንበኛ በባሕር ማዶ መኖሩ ነው።

ይህ ደንበኛ ዓሣውን ሊበላው አይመጣም። በመንጠቆ ይይዘዋል፣ አብሮት ፎቶግራፍ ይነሣል፣ መልሶ ይለቀዋል። እራቱን ከነነፍሱ ወደ ውኃ የሚመልስ ሰው የአገሬውን ሰው ቢያስቀው አያስገርምም። ሆኖም ለዚሁ ቀልድ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴል አልጋ፣ ጀልባና ሞተረኛ በዶላር ይከፍላል። በነጋዴ ዓይን ሒሳቡ ግልጽ ነው። በመረብ የተያዘው ዓሣ በኪሎ ተመዝኖ አንዴ ይሸጣል፤ በደህና የተለቀቀው ግን ለሚቀጥለውም እንግዳ ይቀርባል። (ተለቀቀ ማለት ሁልጊዜ ተረፈ ማለት አይደለም። ብዙ ታግሎ የደከመ ትልቅ ዓሣ አያያዙን ከማያውቅ እጅ ከገባ ሊሞት ይችላል።)

ታዲያ ደንበኛው ለምን አይጎርፍም? ዓሣ ለማጥመድ ከአገሩ የሚነሣ እንግዳ «ደርሼ አየዋለሁ» ብሎ አይሳፈርም። የዓመት ፈቃዱን ከመሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀው ከወራት በፊት ነው። ስለሆነም ከትኬቱ በፊት የሚፈልገው ሸቀጥ መልስ ነው። የትኛው ውኃ? በየትኛው ወር? ፈቃድ ሰጪው ማን ነው? ጀልባው የማን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ቢወሰድ ኢትዮጵያ የምታቀርበው ብዙ ነው። በባሌ፣ በዲንሾ አካባቢ በሚፈሰው የወይብ ወንዝ ውስጥ በንጉሡ ዘመን ከኬንያ የመጣ ትራውት አለ። ጣና ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ የባርበስ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ በርካታዎቹ ግን በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ስለሚወጡ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሊነኩ አይገባም። በዚያ ላይ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በርካታ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደዚያ እንዳይሄዱ መክረዋል። ይህ ምክር ተራ ወረቀት አይደለም። የጉዞ መድን ሰጪዎች «አትሂዱ» ለተባለ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ካሣ አይከፍሉም፤ መድን የሌለው እንግዳ ደግሞ ትኬት አይቆርጥም።

ትልቁ ገበያ ጫሞ ነው። ጎረቤቱ አባያ በደለል ቀልቶ የሚውል ሲሆን፣ ነጭ ዓሣ ደግሞ በዓይኑ አይቶ የሚያድን ስለሆነ ባለ መንጠቆው የሚመርጠው ጫሞን ነው። የዚህን ዓሣ ዋጋ ሌሎች ቀድመው አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከግብፁ የናስር ሐይቅ በመንጠቆ የተያዘው ነጭ ዓሣ ከ100 ኪሎ በላይ መዝኗል፤ እንዲህ ያለ ወሬ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ኡጋንዳም በመርቺሰን ፏፏቴ ፓርክ የማጥመጃ ፈቃድ ትሸጣለች፤ ሻጩም አንድ የታወቀ መሥሪያ ቤት ነው።

አርባ ምንጭስ? የሐይቁ ከፊል በፌዴራል የሚተዳደረው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ ቀሪው የክልሉ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው በፌዴራል ደረጃ ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ ማውጣት ይችላሉ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ አካባቢው በአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ሆኗል። ለአዲስ አበባ ደላላ ይህ የዕለት እንጀራው ነው፤ ሁለት ስልክ መትቶ ይጨርሰዋል። ከስቶክሆልም የሚጠይቀው ሰው ግን ሁለት ሳምንት መልስ ካጣ ለኡጋንዳ ይጽፋል።

ጀልባም አለ። ይሁን እንጂ የጀልባው ሥራ ጎብኚን አዞ ገበያ አድርሶ ወዲያው መመለስ ነው። አጥማጁ በተቃራኒው ጎህ ሲቀድ ወጥቶ፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይመጣ፣ ማባበያውን ከኋላ እየጎተተ በዝግታ መዋል ይፈልጋል። ጥላ፣ ላይፍ ጃኬት፣ መጠባበቂያ ሞተርና ለቀኑ የሚበቃ ቤንዚን መኖሩንም አስቀድሞ ይጠይቃል። አዞ በሞላበት ውኃ መካከል ሞተር ጠፍቶ መቆም ለማንም አይመከርም።

እዚህ ላይ ባለ ገንዘቡ «ሎጅ ልሥራ» ብሎ ሊነሣ ይችላል። ይቆይ። የጫሞ ነጭ ዓሣ መመናመኑን ተመራማሪውም አስጋሪውም ይናገራል። ቀዳዳው የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ይይዛል። ትልልቆቹ ደግሞ በአብዛኛው እናቶች ናቸው፤ አንዷ በአንድ ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እንግዳው ሳምንት ሙሉ ሲጎትት ከርሞ ባዶ እጁን ከተመለሰ የሎጁ ጣሪያ ማማሩን ለጓደኞቹ አያወራም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ መዋል ያለበት በሲሚንቶ ላይ ሳይሆን ከአስጋሪዎቹ ጋር በሚደረግ ውል ላይ ነው። አስጋሪውን ሰብስቦ «መረብህን አንሣ» ማለት ዋጋ የለውም፤ ልጆቹን የሚያበላው በዚያ መረብ ነው፤ የዓመቱን ዕዳ የሚከፍለውም በሁዳዴ ገበያ ነው። የእንግዳው ወቅት ዝናብ የማይበዛበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። የሚመጣው ጥር ላይ እንግዳው የሚይዘው ዓሣ የዘንድሮን ሁዳዴ ያለፈው ነው። ከሐይቁ የተወሰነ ዳርቻ መረብ የማይጣልበት ይሁን፤ እንግዳው ከሚከፍለው የቀን ክፍያ የታወቀ ድርሻ በየሳምንቱ በአስጋሪዎቹ እጅ ይግባ። ዓሣው የት እንደሚውል ከማንም በላይ የሚያውቀው አስጋሪ መሪ ሆኖ ሌላ ደመወዝ ያገኛል። ክፍያው «በዓመቱ መጨረሻ ይታሰባል» ከተባለ ግን መረቡ በሌሊት ይመለሳል፤ ቢመለስም አስጋሪውን አያስወቅስም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ለአስመጪው መርዶ የሆነው ለባለ ዶላሩ እንግዳ አገሩን ርካሽ አድርጎለታል። ነገር ግን ርካሽ መሆን ብቻ ይህን ደንበኛ አይስበውም፤ ለመንጠቆና ለዘንጉ ብቻ ያወጣው ገንዘብ ከሆቴሉ ሒሳብ ሊበልጥ ይችላል። እርሱ የሚከፍለው ለእርግጠኝነት ነው። ለዚህም አንድ አስጎብኚ ለመጀመር የሚያስፈልገው ወሩን፣ ፈቃዱን፣ ጀልባውንና ዋጋውን የያዘ አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ደብዳቤ በደረሰ ማግስት መልስ የሚሰጥ አንድ ጸሐፊና የአስጋሪዎቹ ፊርማ ያረፈበት ውል ነው። ለጥር የሚመጣው እንግዳ ጥያቄውን የሚጽፈው በሰኔ ነው።