ለባንክ ጥፋት ተጠያቂው ማነው?



በባንክ መስኮት የምትሠራ ገንዘብ ከፋይ ማታ ሒሳቧ ከጎደለ ከደመወዟ ትተካለች። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ ግን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያላግባብ ወጣ። አብዛኛው በኋላ ተመልሷል። ብሔራዊ ባንክም ችግሩ በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ እንጂ የውጭ ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ። ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ያለአግባብ የወሰደ መመለሱ ተገቢ ነው፤ ጥገናውን ያዘዘው ኃላፊ ስምስ?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የ1952ቱም ሆነ በ2013 የተተካው የንግድ ሕግ የቦርድ አባላት ግዴታቸውን ባለመወጣት ላደረሱት ጉዳት በግል እንደሚጠየቁ ይደነግጋል። በመንግሥት ባንክ ግን ሿሚውም፣ ባለቤቱም፣ ከሳሹም መንግሥት ነው። ራሱ የሾመውን ራሱ ይከስሳል ብሎ የሚጠብቅ የዋህ ነው።

ፓርቲያችን ድምፃችሁን ካገኘ፣ በከባድ ቸልተኝነት ወይም በአድልዎ የአስቀማጩን ገንዘብ ለጉዳት የዳረጉ ኃላፊዎች ቦነሳቸውን እንዲመልሱና ከባንክ ሥራ እንዲታገዱ፣ ጥፋቱ ወንጀል ከሆነም ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ የሚያስገድድ ረቂቅ አዋጅ ያቀርባል። የምርመራው ሪፖርትም ለሿሚው ሳይሆን ለምክር ቤቱ በግልጽ ይቀርባል።

«እንዲህ ከሆነ ማን ደፍሮ ያበድራል?» የሚሉን አሉ። ለሲናና ስንዴ አምራች በደንቡ መሠረት አበድሮ ዝናብ ቢጠፋ የሥራ ኪሳራ ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። የምንጠይቀው በስልክ ትእዛዝ ያለበቂ ዋስትና ያበደረውን ነው፣ ደዋዩንም ጭምር።