ምን ተማርሽበት?

ካርቱኑ አልቆ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ሲጀምር ከሶፋው ጥግ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ «እሺ፣ ምን ተማርሽበት?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ፊልሙን በግማሽ ዓይኑ፣ ስልኩን በሙሉ ዓይኑ ሲያይ የቆየ አዋቂ ነው። ልጅቷም ታውቅበታለች። ትንሽ ታስብና የሚፈለገውን ታቀብላለች፤ ሰው መርዳት ጥሩ ነው፣ ወላጅን ማክበር ነው፣ ተስፋ አለመቁረጥ ነው። ፊልሙ ስለ ዓሣም ይሁን ስለ ድመት መልሱ ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም። አዋቂው ረክቶ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል።

ለልጅ የሚቀርብ ነገር ሁሉ «አስተማሪ» ካልሆነ ዋጋ የለውም ብለን ከተስማማን ቆይተናል። የልጆች መጽሐፍ ጀርባ ላይ፣ የልጆች ዝግጅት ማስታወቂያ ላይ ቃሉ አይጠፋም። ተረትም ሲነገር ሁሉም የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ያለችውን ምክር ነው፤ ጅቡ ምን እንዳለ፣ አህያዋ ምን እንደመለሰች ለምክሯ የተከፈለ ቀብድ ይመስል። ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ስለ ማደግ፣ ስለ ኑሮ መለወጥ በተሠሩ ፊልሞች ላይ ሲመጣ ጥያቄው መሸሸጊያ ይሆናል። ቤት ውስጥ ለልጁ ያልነገርነውን ፊልሙ በእኛ ፋንታ ይንገርልን፣ ያውም በምክር መልክ ይንገርልን ነው ነገሩ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን የፒክሳርን «ኢንሳይድ አውት» እንውሰድ። ራይሊ የ11 ዓመት ልጅ ናት፤ ሚኒሶታ ተወልዳ በረዶ ላይ ሆኪ እየተጫወተች ያደገች። (ሚኒሶታ የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ስለሆነች ስሟ ለእኛም ቤት ባዳ አይደለም።) አባቷ አዲስ ሥራ ሊጀምር ቤተሰቡን ጠቅልሎ ሳን ፍራንሲስኮ ይገባል። ቤቱ ጠባብና ጭር ያለ ነው። የቤት ዕቃ የጫነው መኪና ቀኑን ሙሉ ቢጠበቅ አይደርስም፤ ልጅቷ ባዶ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ትተኛለች። ፒዛ ቤቱ እንኳ የሚያቀርበው በብሮኮሊ የተሞላ ፒዛ ነው። ለጃፓን ተመልካች ብሮኮሊው በፈረንጅ ቃሪያ ተተክቷል፤ እዚያ ልጆች የሚጠሉት እሱን ነው ተብሎ።

ፊልሙ ዝነኛ የሆነው በልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ሰው ሆነው በሚታዩት አምስት ስሜቶች ነው፤ ደስታ፣ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ንዴትና መጸየፍ። ያዩት ሁሉ የሚያነሱት እነሱን ነው። እኔ ግን የምቆመው አንዲት አጭር ትዕይንት ላይ ነው። ማታ እናትየው ልጅቷ የተኛችበት ድረስ ትመጣለች። አባትሽ ብዙ ሐሳብ አለበት፣ ይህ ሁሉ ግርግር እያለ አንቺ ደስተኛዋ ልጃችን ሆነሽ ቆየሽልን፣ አንቺና እኔ ፈገግ ብንልለት ትልቅ እርዳታ ነው የሚል ነገር ትነግራታለች። ክፋት የለባትም። እንዲያውም በፍቅር ነው የምትናገረው፤ ማናችንም የምንለው ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ የትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ቀን ላይ፣ ደስታ የተባለችው ጠመኔ ይዛ ወለሉ ላይ ትንሽ ክብ ትሠራና ሐዘንን ከዚህ ክብ እንዳትወጪ ትላታለች። የቤቱ ትእዛዝ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ጠመኔ ያዘ ማለት ነው። በዚያው ቀን ራይሊ ክፍል ውስጥ ራሷን ስታስተዋውቅ እንባዋ ይመጣል። ውላ አድራም የእናቷን ካርድ ሰርቃ የአውቶቡስ ቲኬት ትቆርጣለች፤ ወደ ሚኒሶታ ልትመለስ።

ከአውቶቡሱ ወርዳ ቤቷ ስትገባ የምትናገረው በቀጥታ ወላጆቿን የሚከስ ነው፤ እናንተ ደስተኛ እንድሆን ትፈልጋላችሁ፣ እኔ ግን አገሬ ናፍቆኛል። ወላጆቹስ ምን ይላሉ? አይመክሯትም፣ አይገሥጿትም። እነሱም የሚናፍቃቸውን ይነግሯታል። አባትየው ስለ ጫካው፣ ስለ ግቢው ያወራል። አለቀ።

ከዚህ በኋላ ሶፋው ጥግ ያለው ሰውዬ ልጅቷን «ምን ተማርሽበት?» ሲላት «ሐዘንም አንዳንዴ ይጠቅማል» የሚል መልስ ያገኛል። ትክክል ነው፣ መቶ ከመቶ። ግን የተከሰሰው ማን ነበር? ልጅቷ ስሜቷን ስላላወቀች አይደለም ያ ሁሉ የደረሰው፤ ሁለት አዋቂዎች ፈገግታዋን ለቤቱ ሰላም መዋጮ አድርገው ስለጠየቋት ነው። ከፊልሙ ትምህርት ይውጣ ከተባለ ተማሪው ሰውዬው ነው። ዳይሬክተሩ ፒት ዶክተር ራሱ የሚኒሶታ ልጅ ነው፤ ሐሳቡን ያመጣለት ሳቂታ የነበረች ሴት ልጁ በ11 ዓመቷ ግድም ዝምተኛ መሆኗ እንደነበር ተናግሯል። አንድ አባት ግራ ገብቶት የሠራውን ፊልም ነው እንግዲህ እኛ ልጅ መፈተኛ ያደረግነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት። የአሜሪካ ዲቪ ዕጣ የደረሰው ቤተሰብ ውስጥ ያለች ልጅ ጉዳዩን ከማንም በፊት ታውቃለች። ፎቶ ተነስታለች፤ ለትምህርት ቤት ነው ተብላለች። ክትባት ተወግታለች፤ ለጤናሽ ነው ተብላለች። ወላጆቿ በር ዘግተው ሲያወሩ «ኤምባሲ» የሚለው ቃል በቁልፉ ቀዳዳ ወጥቶ ጆሮዋ ገብቷል። አልጋና ቁም ሣጥን ለዘመድ ሲታደል አይታለች። የሚነገራት ግን የበረራው ሳምንት ነው፣ አንዳንዴም የበረራው ዋዜማ። ለአንድ ወንበር ጓደኛዋ ደህና ሁኚ ሳትል ሲልቨር ስፕሪንግ ትደርስና እዚያ ባየችው የመጀመሪያ ካርቱን «ምን ተማርሽበት?» ትባላለች።

ምክንያቱን አጥቼው አይደለም። ልጅ አፉ አያርፍም፤ ወሬ ከወጣ ዓይን ይበላናል፤ ምቀኛ አይታጣም፤ ሳይሳካ ቢቀር መሳቂያ እንሆናለን። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚለውም አለ። ለአረብ አገር ሥራ የሁለት ዓመት ውል ፈርማ የምትሄድ እናት ደግሞ ልጇ እንቅልፍ እንደወሰደው ሹልክ ብላ ትወጣለች፤ ቀሚሷን ይዞ ቢያለቅስ እግሯ እንደማይንቀሳቀስ ስለምታውቅ። በእሷ አልፈርድም። የምከሰው ጠዋት ልጁ ሲነቃ «ገበያ ሄዳለች፣ ከረሜላ ይዛልህ ትመጣለች» የሚለውን፣ ያንንም ወር ሙሉ የሚደጋግመውን ቤተሰብ ነው። ልጁ የሚማረው የእናቱን መሄድ ብቻ አይደለም፤ ገበያ የሄደ ሰው ሁሉ ላይመለስ እንደሚችልም ነው።

ደግሞ ነገር መናገር የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። መርዶ የምንናገርበትን ሥርዓት ተመልከቱ። ነጋሪው ይመረጣል፤ ሰዓቱ ይመረጣል፤ ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በር ያንኳኳል፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ እንዲኖር ይደረጋል። ባሕር ማዶ ያለው ወንድም እንኳ ብቻውን በስልክ እንዲረዳ አይፈለግም፤ ጓደኞቹ ከሥራ የሚገባበትን ጠብቀው ቤቱ ይሄዳሉ። ለክፉ ወሬ ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው፣ በዚያው ጠዋት ልጆቹን ሰብስቦ ጎረቤት ቤት ይልካቸውና «ተጫወቱ» ይላል። ሥርዓቱ አለን፤ ልጁ ግን ከበሩ ውጭ ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት የሃያኦ ሚያዛኪን «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ከእህቴ ልጅ ጋር ሳይ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የጊብሊ ስቱዲዮ ሥራ ነው፤ ሳጹኪና ሜይ የሚባሉ እህትማማቾች ከአባታቸው ጋር ገጠር ገብተው አሮጌ ቤት ውስጥ መኖር ይጀምራሉ። እናታቸው ሆስፒታል ናት። ምን እንዳመማት ፊልሙ አይናገርም። (የሚያዛኪ እናት እሱ ልጅ እያለ ለዓመታት በአከርካሪ ቲቢ ተኝታ ነበር።) አንድ ቀን ከሆስፒታሉ ቴሌግራም ይመጣል። አባትየው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ትልቋ ሮጣ ሰው ቤት ገብታ ስልክ ትደውልለታለች፤ እናቷ ቅዳሜ ቤት ትመጣለች የተባለው መቅረቱን ትሰማለች። ትንሿ ምንም አልገባትም። የገባት እህቷ መደንገጧ ነው።

እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ዞር ብላ «እናቷ ትሞታለች እንዴ?» አለች። «ምን ዓይነት ነገር ነው የምታወሪው! ዝም ብለሽ እዪ» አሏት አያቷ እማማ። ዝም ብላ አየች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ፣ «አባባም እንደሷ ሆስፒታል ናቸው አይደል?» አለች። በዚያ ሰሞን አያቷ አባባ ተኝተው ነበር፤ ለእሷ የተነገራት ግን ክፍለ አገር ሄደዋል ተብሎ ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል «ታዲያ በየቀኑ ምሳ ዕቃና ፔርሙዝ ይዛችሁ የምትወጡት ለማን ነው?» ብላ ጨመረች። እማማ መጀመሪያ ያሉት «ደህና ናቸው» አይደለም፣ «ነይ እስኪ ልጄ» አይደለም፤ ወደ እኛ ዞረው «ማን ነገራት?» ነው ያሉት።

ማንም አልነገራትም። ምሳ ዕቃው ነው የነገራት።

ፊልሙም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሲለው ግን አይሰብክም። ትልቋ ተናዳ ትንሿ ላይ ትጮሃለች፣ እናታችን እንድትሞት ነው የምትፈልጊው እስከማለት ድረስ። የአራት ዓመቷ ሜይም አንዲት በቆሎ ደረቷ ላይ አቅፋ ብቻዋን ወደ ሆስፒታሉ ትነሳለች፤ በቆሎው እናቷን ያድናል ብላ። መንገድ ትስታለች፤ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ይፈልጋታል፤ ኩሬ ውስጥ የልጅ ነጠላ ጫማ ይገኛል፣ ደግነቱ የሷ አይደለም። በመጨረሻ ሁለቱ እህትማማቾች ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለ ዛፍ ላይ ሆነው እናታቸው ከአባታቸው ጋር ስትስቅ በመስኮት ያያሉ። የያዛት ጉንፋን ነበር። በቆሎውን መስኮቱ ላይ ትተው ይመለሳሉ። ሜይ ምን ተማረች? ምንም። እናቷን አየች። አራት ዓመት ለሞላት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

ዘመናዊ ነን የሚሉ ወላጆች በተለይም በአሜሪካ ያሉት፣ እኛ እንኳ እንደ ድሮዎቹ አይደለንም ይሉኛል። የ«ኢንሳይድ አውት» ሁለተኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቶ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካስገባ ወዲህ 13 ዓመት የሞላትን ራይሊንና ጭንቀት የምትባለውን አዲስ ስሜት የማያውቅ ቤት የለም። የስሜቶቹ ሥዕል ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ልጁ ዛሬ የቱ እንደሆነ በጣቱ እንዲያሳይ ይጠየቃል። ጥሩ ነው፤ ከመቆጣት ይሻላል። ግን ይህም ያው ጥያቄ ፈረንጅ ልብስ ለብሶ ነው። ልጁ የስሜቱን ስም ይናገራል፤ አባቱ ሌላ ስቴት የሄደው ለሥራ ይሁን ተፋትቶ የሚነግረው የለም። «ተጨንቄያለሁ» ሲል «ጎበዝ፣ ስሜትህን አወቅህ» ይባላል። ያስጨነቀው ነገር እንደታሸገ ነው።

ስለ ማደግ የተሠራ ፊልም ካርቱን ነውና ሕፃን ይያዝበት፣ ወይም አስተማሪ ነውና ምክር ይጨመቅበት የሚሉት ሁለቱ አመለካከቶች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። በሁለቱም አዋቂው ነፃ ነው። ልጅ ፊልም ሲያይ የሚያነሳው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለ ፊልሙ አይደለም፤ «እናቷ ትሞታለች?» ያለችው ልጅ ስለ ጃፓኗ ሴት አልነበረም የጠየቀችው። በዚያች ሰዓት ፊልሙን አቁሞ ስለ አባባ መናገር ነበር። ኦክስጅኑን፣ ደም ምርመራውን መዘርዘር አያስፈልግም፤ አመማቸው፣ ሐኪሞች እያዩአቸው ነው፣ እኛም ፈርተናል፣ እሑድ ይዘንሽ እንሄዳለን ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሆስፒታሉ ሕፃን አያስገባም ከተባለም እሱኑ መንገር ነው።

ይህን ስል ዲቪ ከደረሰው ቤተሰብ የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ «ነግረናት ቪዛው ቢከለከልስ?» ቢከለከል ይነገራታል። ቤቱ ሁሉ ሲያኮርፍ እሷም አብራ ታኮርፋለች፤ የቤት ዕቃውን ከዘመድ ስታስመልሱም ሣህኑን መቁጠር ታግዛችኋለች። ሳይነገራት ቢቀርም እኮ ያ ኩርፊያ አይቀርላትም። ያኔ ግን እናቷ የተቆጣችው በእሷ ይመስላታል።